ሳይገለጡ መታጠብ

ከሚሴ የተመደብኩ ሰሞን ሆስፒታሉ ውስጥ ከእኔ የበለጠ የሚነጫነጭ ሐኪም አልነበረም። ጓንት አለቀ እላለሁ፣ ውሃ ተቋረጠ እላለሁ፣ ስብሰባ በዛ እላለሁ። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ደግሞ እንዲህ አልኩ፦ «በዚህ አውራ ጎዳና ነዳጅና ኬሚካል የጫነ መኪና ሲመላለስ ነው የሚውለው። የጨፋ ሜዳ ገበሬ ለሰብሉ የሚረጨውም መድኃኒት ቀላል አይደለም። አንድ ቀን አንዱ ተገልብጦ በሽተኛ ቢጎርፍብን ምን ልንሆን ነው?» አለቃችን ቀና ብሎ አየኝና «ጥሩ፤ እንግዲህ አንተው አሰልጥነን» አለኝ። አፌ ነው ያመጣብኝ።

አዲስ አበባ ለጥቂት ቀናት ሥልጠና ወስጄ፣ ወፍራም መጽሐፍ ተሸክሜ ተመለስኩ። የመጽሐፉ ፍሬ ነገር አጭር ነው። ኬሚካል የፈሰሰበት ሰው ሲመጣ ሐኪም ሮጦ አያቅፈውም። በር ላይ ቆሞ መከላከያውን ይለብሳል፤ በሽተኛው ልብሱን አውልቆ በውሃና በሳሙና ይታጠባል፤ ድንገተኛ ክፍል የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። አለዚያ መርዙ በቆዳው መግባቱን ይቀጥላል፣ ሐኪሙም አብሮት ይወድቃል። ለባልደረቦቼ ይህን ሳስተምር አንድም የተቃወመኝ አልነበረም። ወረቀት ላይ የተጻፈን ነገር ማን ይቃወማል?

ልምምዱ ላይ ግን ጉድ ፈላ። ከድንገተኛ ክፍሉ በር ፊት ለፊት ሸራ አንጥፈን፣ ከውሃ ታንከሩ ጎማ ስበን አዘጋጀን። መጀመሪያ በሽተኛ የሆነልን የግቢው ጥበቃ ነበር። ሸሚዙን አውልቆ፣ ሱሪውን እንደታጠቀ፣ እየሳቀ ታጠበልን። «አሁን ደግሞ ሴት በሽተኛ» አልኩ። ካርድ ክፍል የምትሠራውን ልጅ ባያት ሻሿን አጥብቃ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ልምምድ ነው፣ ልብስሽን አናስወልቅሽም ብላትም እሺ አላለችም። ያኔ ቱግ አልኩ። እኔ ስቆጣ ድምፄ ግቢውን ያዳርሳል። «የእውነቱ ቀን አንዲት ሴት እየሞተች አላወልቅም ብትለኝ ምን ላደርግ ነው?» እያልኩ ጮህኩ።

«ብትሞትም አታወልቅልህም፣ ዶክተር» አለኝ አንድ ድምፅ ከበረንዳው።

የጽዳት ሠራተኛችን ነበሩ፤ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ ለጡረታ የደረሱ የጨፋ ሴት። መወልወያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ወደ እኛ መጡ። «ግን ሰው ሳይገለጥ ይታጠባል» አሉ።

«እንዴት ተብሎ?»

«የቅሬያችንን ሴቶች የማጥብ እኔ አይደለሁ? ጀናዛ እንኳ ገላው አይታይም። ህያው እንዴት ብሎ ይታያል?»

ቅሬ ወሎዬው ቀብርና ሐዘን የሚረዳዳበት የሰፈር ማኅበር ነው። እትዬ ከሰፈራቸው ሴት ስትሞት ጀናዛዋን፣ አስከሬኗን ማለት ነው፣ እንዲያጥቡ ከሚጠሩት አጣቢዎች ዋነኛዋ እንደሆኑ ያወቅሁት ያኔ ነው። ንጹሕ አንሶላ አስመጡ። አራት ሴቶች አንሶላ ወጥረው ዙሪያውን እንደ ግድግዳ ቆሙ፤ ሌላ አንሶላ ደግሞ በምትታጠበዋ ላይ እንደሚዘረጋ እትዬ አሳዩን። ልብስ የሚቀደደው በአንሶላው ሥር ነው፤ ውሃውም የሚፈሰው፣ እጅም የሚገባው በዚያው ሥር ነው። የካርድ ክፍሏ ልጅ ይህን ስታይ እሺ ብላ ከነልብሷ ሸራው ላይ ተጋደመች። እኔ ሰዓቴን እያየሁ ከውጭ ቆሜያለሁ። እትዬ «ቢስሚላህ» አሉና ጀመሩ። ከዚያ ድምፅ የለም፣ የውሃው መንቆርቆር ብቻ። ብዙም ሳይቆይ አንሶላው ወደ ላይ በረረ፣ ልጅቱ ውሃ እያንጠባጠበች ዘላ ወጣች።

«እትዬ! እኔ እኮ አልሞትኩም!»

ለካ እጃቸው በለመደው ሄዶ ኖሯል። ከቀኝ ጎን ጀምረው፣ ሦስት ሦስት ጊዜ አፍስሰው፣ አፋቸውን ዘግተው፣ ልጅቱን ልክ እንደ ጀናዛ ሊያጥቧት ነበር። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። የሚታከም ሰው ሳይቀር በመስኮት ብቅ ብሎ ሳቀ። እትዬ ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፍነው «አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ» ሲሉ እኔም ቁጣዬ የት እንደገባ ሳላውቅ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

ሳቁ ሲበርድ ቁጭ ብለን አስተካከልነው። «ጀናዛን በዝምታ ነው የምናጥበው፤ ህያውን እንግዲህ እያወራን እንጠበው» አሉ እትዬ። በሽተኛዋ አቅም ካላት ትቀመጥ፣ ከዓይንና ከራስ ይጀመር፣ አጣቢዋም ሳታቋርጥ ትጠይቃት ተባለ። ይህን ስሰማ የሐኪምነቴ ነገር ነቃ። ከአንሶላ ጀርባ ያለችን ሴት ላያት አልችልም፤ መልሷን ግን እሰማለሁ። የምትመልስ ሴት ትተነፍሳለች። ያ ወፍራም መጽሐፌ ይህን አላስተማረኝም። ያን ቀን እትዬን ማመስገን ነበረብኝ፤ «ይሻላል» ብዬ ብቻ አለፍኩ። በሠልጣኞች ዝርዝር ላይም አላስገባኋቸውም፤ ዝርዝሩ የሐኪም ነው ብዬ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ጥቂት ወራት አለፉ። በጨፋ ሮቢት የገበያ ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ሰውና ዕቃ አንድ ላይ የጫነ መኪና ከመንገድ ወጥቶ ተገለበጠ። ከዕቃው መካከል በጄሪካን የተሞላ ፀረ ተባይ ነበር። ጄሪካኖቹ ፈንድተው ተሳፋሪው ላይ ፈሰሱ። ስልክ ቀድሞ ስለደረሰን ሸራውን አንጥፈን፣ ጓንትና ጭንብላችንን አጥልቀን በሩ ላይ ጠበቅን። የመጀመሪያው ባጃጅ ሲደርስ አፉ አረፋ የሞላ ሰው አየሁና እግሬ በራሱ ሮጠ። ከኋላ አንዱ ወጣት ሐኪም ልብሴን ጨምድዶ ያዘኝ። «መስመሩን አትለፍ! አንተ አይደለህ እንዴ ያስተማርከን?» አለኝ። በቁጣ ልገፈትረው ምንም አልቀረኝም። ያን ቀን ባይዘኝ እኔም አልጋ ይዤ እውል ነበርና እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ወንዶቹ ቶሎ ቶሎ ታጥበው ገቡ። ከዚያ አንድ ሰውዬ ሚስቱን ታቅፎ ደረሰ። ቀሚሷ ከአንገቷ እስከ ጉልበቷ በፀረ ተባዩ ርሷል፤ ሽታው ከሩቅ ይሰነፍጣል። ላብ አጥምቋታል፣ ምራቋ ይዝረከረካል፣ የዓይኗ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠቧል። የቀሚሷን አንገት ግን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛለች። «ወንድ አያየኝም» ትላለች እያቃሰተች። ባሏ በእኔና በእሷ መካከል ቆሞ «ገላዋን አታዩም። መርፌውን ብቻ ውጉልን» አለኝ። መርፌውን ብወጋት ቀሚሷ መርዙን ማጠጣቱን አያቆምም። ልብሱ ካልወለቀ ሴትዮዋ እዚያው ደጃፌ ላይ መሞቷ ነው። ልጮህ አፌን ከፈትኩ።

እትዬ ግን ደርሰዋል። ወለል ሲያጥቡ የሚያጠልቁትን ረጅም የላስቲክ ጓንት አጥልቀው፣ የዝናብ ካፖርት ደርበው፣ አንሶላውን ታቅፈዋል። ለባልየው አንድ ጥንድ ጓንት ወረወሩለትና ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀሉ «ኮቱ፣ ና ይህን ጫፍ ያዝ። ፊትህን ወደ ውጭ አዙር። አንተ በር ላይ ቆመህ ማን ያያታል?» አሉት። ሌሎቹን ጫፎች የሆስፒታሉ ሴቶች ያዙ፤ ሰውዬውም አላንገራገረም። ጀርባውን ሰጥቶ፣ አንሶላውን አንቆ፣ እኛ ላይ እያፈጠጠ ቆመ።

ከውስጥ የመቀስ ድምፅ፣ የውሃ ድምፅ፣ የእትዬ ድምፅ ይሰማኛል። «ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ እናቴ። ቢሻን ነው፣ ውሃ ነው። ልጅ አለሽ?»

«አለኝ።»

«መሄድ ጀመረ?»

«ድክ ድክ ይላል።»

«ማን ጋ ተውሽው?»

«አያቱ ጋ።»

«ገበያ ምን ልትሸጪ ነበር?»

«ዶሮ።»

«ስንት ዶሮ?»

መልስ የለም። እትዬ ደግመው ጠየቁ። «ዶክተር! መመለስ ተወች!»

«እጇን አውጡልኝ!» አልኩ። ከአንሶላው ሥር የታጠበ ክንድ ወጣ። ከገላዋ ያየሁት ያን ክንድ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ደም ሥር ሳትኩት፣ ሁለተኛውን አገኘሁት። የመርዙን ማርከሻ መድኃኒት ሰጠኋት፣ የኦክስጅኑን ጭንብል ወደ ውስጥ አቀበልኩ፣ የማዳመጫዬንም ጫፍ እትዬ ተቀብለው ደረቷ ላይ አኖሩልኝ። ሳንባዋ እንደሚፈላ ድስት ይንተከተካል። ደግሜ ሰጠኋት። ባልየው ፊቱን ሳያዞር «ዝም አለች?» ይላል፤ እንባው በጢሙ ይወርዳል። እትዬ መልስ ባያገኙም ወሬያቸውን አላቋረጡም፤ ፀጉሯን እያጠቡ ስለ ልጁ፣ ስለ አያቱ፣ ስለ ማሽላው ይጠይቃሉ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ለሦስተኛ ጊዜ ሰጠሁና አዳመጥኩ። መንተክተኩ ቀንሷል።

«ዶሮዎቼስ?» አለች ሴትዮዋ በሰለለ ድምፅ።

«አልሐምዱሊላህ! ዶሮዎችሽስ ይጥፉ!» አሉ እትዬ። ባልየው አንሶላውን እንደያዘ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ከቀናት በኋላ ሴትዮዋ ተኝታ ወደምትታከምበት ክፍል ከባልደረቦቼ ጋር ገባሁ። እውነቱን ልናገር፣ ልመሰገን ነበር የገባሁት። ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ባሏ ከወንበሩ ብድግ ብሎ «ያዳነሽ ዶክተር ይኸው፣ እሱ ነው» አላት። ሴትዮዋ አተኩራ አየችኝ።

«አላህ ይስጥልኝ» አለች በትሕትና። «ግን እኔን ያዳኑኝ ሴት ዶክተር ናቸው። ድምፃቸውን አውቀዋለሁ። ዛሬ አልገቡም?»

አብረውኝ የነበሩት ሐኪሞች እንዳርማት ጠበቁ።

«ገብተዋል፤ አሁን እጠራልሻለሁ» አልኳትና እትዬን ፍለጋ ወጣሁ።