ሐኬት ያሉት ድካም

ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ደብረ ታቦር ውስጥ አንዲት ሐኪም የታላቅ እህቴ የስንዱ ድካም የሰውነት ሕመም እንደሆነና ስም እንዳለው ነገረቻት። ስንዱ ስትታመም ወጣት ነበረች፤ ዛሬ ጠጉሯ ሸብቷል።

«እድናለሁ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ፈጽመው የሚድኑት ጥቂት ናቸው። ከአቅማቸው ሳያልፉ የሚኖሩ ግን ሊሻላቸው ይችላል፤ እርስዎም እንደዚያው።»

«ያኔ ባርፍ ኖሮስ?»

«እሱን ማወቅ አይቻልም።»

ያኔ የጉና ግርጌ ነበር ቤታችን። በሐምሌ፣ ተራራው በጉም እንደተሸፈነ፣ ስንዱን ትኩሳት ጣላት። ትኩሳቱ ለቀቃት፤ ድካሙ ግን ቀረ። አንድ ቀን ውኃ ብትቀዳ በማግስቱ ጠጉሯን መጎንጎን ያቅታት ነበር። ለአንድ የጋፋት ልጅ ታጭታ ሠርጉ ለጥር ተቀጥሯል። የድካሟ ወሬ ጋፋት ደረሰና የልጁ እናት እመት የውብዳር በኅዳር በበቅሎ መጡ፤ ሙያዋን በዓይናቸው ሊያዩ።

ደብረ ታቦር ተማሪ ነበርኩ፤ ቅዳሜ በእግሬ ቤት ገባሁ። እናታችን ስንዱን ጓዳ ጠርታ «ዛሬን ብቻ ቻዪልኝ፣ በሞቴ» ስትላት ሰማሁ።

ስንዱ ቻለች። ከምንጭ ውኃ አመጣች፣ አዲሱን ገብስ ቆላች፣ ፈጨች፣ ድንች ቀቀለች፣ የእንግዳዋን እግር አጠበች። ጉንጯ ቀልቶ ነበር። እመት የውብዳር ቆሎውን እየቆረጠሙ «የሐሜተኛ ምላስ ይቆረጥ! ይቺ ቤት ቀርቶ ደብር ታቆማለች» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። ስንዱም ሳቀች።

እሁድ ጠዋት ከመደቧ አልተነሣችም። በበሩ የሚገባው ብርሃን እንኳ ዓይኗን ያማት ነበር። እመት የውብዳር በቅሏቸው ተጭና ሳለች ገብተው አዩዋት።

«ትናንት አገር ስታነሣ የዋለች ዛሬ ምን ነካት?»

«ደክሟት ነው፣ እመት» አለች እናቴ።

«ስትፈልግ በቅሎ፣ ሳትፈልግ እንቁላል! ይሄ ሕመም አይደለም።»

እንግዳዋን ሊሸኙ የመጡት የንስሐ አባታችን ስም አወጡለት። «ሐኬት ይባላል» አሉ። ሐኬት በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ስንፍና ነው፤ ከኃጢአት ይቆጠራል። «ስግደት ጨምሪበት፣ ልጄ። ይለቅሻል።»

ሁለቱም ክፋት አልነበረባቸውም። ቅዳሜ እንደዚያ የሠራ ሰው እሁድ ሕመምተኛ ሊሆን አይችልም ብለው አመኑ። ደህና የዋለችበት ቀን መጥቶ መሰከረባት፤ ሕመሙ ግን ሁልጊዜም የሚበረታው ከደህና ቀን ማግስት ነበር። ሁለቱንም ቀን ስላየሁ እናገራለሁ።

ስንዱ የነቢያትን ጾም ስትሰግድ ከረመች። በገና ዕለት ቤተ ክርስቲያን መሄድ አልቻለችም። ሠርጉ ሳይደርስ የጋፋት ሽማግሎች መጥተው ቃላቸውን አፈረሱ፤ ልጁ ሌላ አገባ። ከዚያ ወዲያ ስንዱን የጠየቀ አልመጣም።

ሐሙስ ከሐኪሟ ወጥተን ወደ መናኸሪያ ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ነበር።

«ሐኬት አይደለም አለች፣ አይደል?»

«አይደለም አለች።»

«ለማን እንንገር?»

እናታችን፣ የንስሐ አባታችንና እመት የውብዳር፣ ሦስቱም ሞተዋል።