በአመድ የታጠበው ማዘርቦርድ

ይኸነው የጥርስ ብሩሹን የአመድ ውሃ ውስጥ እየነከረ ማዘርቦርዱን ይፈትጋል። ትንሿ በርሜል መሳይ ባትሪ ተነቅላ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች። የነበረችበት ጥግ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። ባትሪዋ ፈስሳ የኃይል መስመሮቹን በልታቸዋለች፤ ኮምፒዩተሩ ቢሰካም አይነሳም።

አመዱን ያመጣው ከልምድ ነው። ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ ዳንግላ ውስጥ የጭነት መኪና ባትሪ ቻርጅ በሚያደርግ ጋራዥ ስድስት ዓመት ሠርቷል። እዚያ አሲድ ሲፈስ አመድ ይነሰነስበታል፤ ሱሪም ይተርፋል፣ ወለልም ይተርፋል። በኋላ እንጅባራ መናኸሪያው ጀርባ የራዲዮና የቴሌቪዥን ጥገና ከፈተ። የፈሰሰ የራዲዮ ባትሪ ድንጋይ ሲያጋጥመውም በዚያው በአመድ ውሃ ያጥባል። ከሽፎበት አያውቅም።

ጊዜው ኅዳር 2006 ዓ.ም. ነው። የኮምፒዩተሩ ባለቤት አቶ ደጉ ጡረታ የወጡ የአዘና መምህር ናቸው። በ1987 አንድ ፕሮጀክት ሲዘጋ ዕቃውን በጨረታ ሲሸጥ ገዙት። አሥራ ስምንት ዓመት ከሽማግሌዎች አፍ የለቀሙትን የአውንጊ ቋንቋ ቃል ሁሉ ጻፉበት፤ የዛፍ ስም፣ የፈረስ ዕቃ ስም፣ የንብ ነገር። መጀመሪያ የመዘገቡባቸውን ደብተሮች ምስጥ ጨርሷቸዋል። ኮምፒዩተሩ አልነሳ ሲል ባሕር ዳር ድረስ ወስደውት ነበር። ዲስኩ አዲስ ኮምፒዩተር ላይ መሰኪያ እንደሌለው፣ ቢኖረውም የድሮውን የፊደል ፕሮግራም የሚከፍት እንደማይገኝ ተነግሯቸው ተመለሱ። ማሽኑ ካልተነሳ ቃላቱ የሉም። ይኸነው ይህን ሰምቶ ነው በሳምንት አስነሳዋለሁ ብሎ የተቀበላቸው።

ቦርዱን ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አደረቀው። በሦስተኛው ቀን አረንጓዴው ተመልሶ፣ ጭራሽ ወደ ጎን ተስፋፍቶ አገኘው። ሌላ አመድ በጠበጠ።

ሚስቱ ይታይሽ ምሳ ይዛ ስትመጣ ብሩሹ እጁ ላይ ነበር። እሷ በሴቶች ማኅበር ሳሙና ትሠራለች፤ የአመድ ውሃ አጥልላ ከሞራ ጋር ታፈላለች። የተነቀለችውን ባትሪ አነሳች። ጣቷን አርጥባ በፈሰሰው ጫፍ ላይ አስነካችና ከአውራ ጣቷ ጋር አሻሸችው።

«ያሙለጨልጫል» አለች። «አሲድ ይለበልባል እንጂ እንዲህ አያደርግም።»

«ባትሪ እኮ ነው።»

«የፈለገው ይሁን። ይሄ የእኛ የሳሙናው ወገን ነው። በአመድ ላይ አመድ ስትደፋ ሰነበትክ፣ ባለሙያው።»

ይኸነው ጎረቤት ሱቅ ሄዶ አንድ ጠርሙስ አቼቶ ገዛ፤ አቼቶ አሲድ ነው። አንድ ጠብታ ሲያንጠባጥብበት ዝገቱ ቲሽ ብሎ አረፋ አወጣ። ይታይሽ ምሳውን ከፍታ አስቀመጠችለትና ወጣች።

ቦርዱን በአቼቶ፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ አጥቦ አደረቀው። በቴስተር ሲከታተል መስመሩ ሦስት ቦታ ተቆርጧል። ከስልክ ሽቦ የመዘዛቸውን የመዳብ ክሮች አጋድሞ በየዳቸው። የተበላውን ትራንዚስተር ከተጣለ የዲሽ ሪሲቨር አውጥቶ ተካው። አንድ ትልቅ ቺፕ ሥር ግን አረንጓዴ ጠርዝ ይታያል። የአመዱ ውሃ ይዞት የገባው ነው። ቺፑን ለማንሳት የሚያስችል መሣሪያ የለውም።

ቅዳሜ ጠዋት አቶ ደጉ የሪባን ፕሪንተራቸውን በባጃጅ አስጭነው መጡ። ይኸነው ኮምፒዩተሩን ሳይሰካ ነገራቸው።

«ጋሼ፣ ሳላውቅ በአመድ አጥቤ አባስኩት። ይነሳል። መቼ እንደሚጠፋ ግን አላውቅም።»

አቶ ደጉ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉ። ቃላቱ በሦስት ፋይል፣ በየሰበሰቡበት አገር ስም እንደተቀመጡ አስረዱት። ይኸነው ከየትኛው እንደሚጀምር ጠየቃቸው።

«የሞቱትን አስቀድም» አሉ። «የአዲስ ቅዳምና የአዘና ሰዎቼ አልቀዋል። ጥሊሊዎች አሉ፤ እነሱን ሄጄ እጠይቃለሁ።»

ማሽኑ በሁለተኛው ሙከራ ተነሳ። ፕሪንተሩ እየጮኸ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሠራ። ያን ቀን ይኸነው ሌላ ደንበኛ አልተቀበለም፤ በየአሥር ደቂቃው ቺፑን በእጁ ጀርባ እየነካ ሙቀቱን ይለካ ነበር። የአዲስ ቅዳሙ አለቀ። የአዘናውም አለቀ። ከጥሊሊው ዘጠኝ ገጽ እንደወጣ ስክሪኑ ጠቆረ። በቴስተር ቢፈትሽ ኃይሉ ቺፑ ድረስ ይመጣል፣ ከዚያ ወዲያ የለም።

አቶ ደጉ ወረቀቱን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው ወሰዱ። ኮምፒዩተሩን እዚያው ተዉት።

በጥር ደብተር ገዝተው በሚኒባስ ጥሊሊ ሄዱ። ድሮ ቃላቱን ከነገሯቸው ሰባት ሰዎች ስድስቱን አገኙ።