የባሩች ካርታዎች

ስለ ባሩች መጻፍ ስጀምር ባሕር አይቼ አላውቅም ነበር። እንጅባራ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ክረምት ክረምት ደግሞ ለሁለተኛ ዲግሪ እማር ነበር። አማካሪዬ ሕንዳዊ አዛውንት ናቸው። የመመረቂያ ርዕስ አጥቼ ስጨነቅ ቢያዩኝ «የእኔን አገር ለምን አትጽፊም?» አሉኝ።

አገራቸው ባሩች ነው፤ በምዕራብ ሕንድ፣ ናርማዳ የሚባለው ወንዝ ባሕር የሚገባበት አውራጃ። በጥንት ዘመን ከእኛው ከአዱሊስ ጋር ይነግድ ነበር። ከዚያ ብረትና የጥጥ ጨርቅ ይመጣልን ነበር። ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ጉልበቱ አይጣል ስለሆነ እንግዳ መርከብ ብቻውን ወደ ወንዙ አይደፍርም፤ የአገሩ ዓሣ አጥማጆች በጀልባ ወጥተው እየመሩ ያስገቡት ነበር። ኋላ ግን ደለል የወንዙን አፍ እየሞላው ሄደ፤ ትልልቆቹ መርከቦችም ሌላ ወደብ ፈለጉ። ሦስተኛው ምዕራፌ ይኸው የደለሉ ታሪክ ነበር፤ ያለ ካርታ ደግሞ አይጻፍም።

አማካሪዬ ጡረታ ወጥተው አገራቸው ሲገቡ «ካርታዎቹን ከቤቴ ፈልጌ እልክልሻለሁ። አንቺ ብቻ አትጥፊ» አሉኝ። በኢሜይል ሁለት ጊዜ ተጻጻፍን። ከዚያ በአካባቢያችን ግጭት ተነሳና ኢንተርኔት ጠፋ።

ሳምንት ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ። ወር አለፈ፤ ሌላም ወር። ጽሑፉን የማስረክብበት ቀን ሲቃረብ እንቅልፍ አጣሁ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ዳንግላ ኔትወርክ መጣ ሲሉ ሰማሁ አለችኝ። እውነት ይሁን ውሸት አላጣራሁም። ላፕቶፔን በነጠላ ጠቅልዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ዳንግላ ሳንደርስ ሹፌሩ ቆመ። «መንገዱ ተዘግቷል፤ ከዚህ አላልፍም» አለ። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ተመለሱ። እኔ ከሁለት ሴቶች ጋር በእግሬ ቀጠልኩ። ዝናቡ ሲወርድብን ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ደረቴ ላይ አቅፌ ነበር። ዳንግላ ስገባ ግን የተወራው ሁሉ ውሸት ነው። ሦስት ቀን አክስቴ ቤት ሆኜ ስልኬን ወደ ሰማይ እያነሳሁ ጠበቅኩ። ምንም የለም።

በአራተኛው ቀን በእግሬ ስመለስ፣ ከፊት ለፊቴ ፈረሱን እየሳበ የሚመጣ ሽማግሌ አየሁ። አባቴ ናቸው። መጥፋቴን በሚኖሩበት በጥርባ ሰምተው ፍለጋ ወጥተው ኖሯል። ከንፈራቸው ደርቋል። ሲቆጡ በአዊኛ ነው የሚቆጡት።

«እዚያ አገር ማን አለሽ? ዘመድ አለሽ?»

«የለኝም አባዬ።»

«ታዲያ በማታውቂው ወንዝ ልትሞቺ ነው?»

መንገድ ዳር ተቀምጬ ጮኼ አለቀስኩ። ቁጣቸው በረደ፤ ፈረሱ ላይ አወጡኝና እሳቸው በእግራቸው ሄዱ። ውረጂ ቢሉኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ አላሉኝም።

የማስረከቢያው ቀን አለፈ። ኢንተርኔቱ የተመለሰው ከብዙ ወራት በኋላ፣ እኔ ክፍል ውስጥ ሳለሁ ነው። ኢሜይሌን ስከፍት ሰባት መልእክት ተደርድሯል። በመጀመሪያው አማካሪዬ «ካርታዎቹ ተገኝተዋል» ይላሉ፤ አብረው ልከዋቸዋል። በሁለተኛው «ደረሱሽ?» በሦስተኛው «ታመሻል እንዴ?» በአራተኛውና በአምስተኛው መልሰው ካርታዎቹን ልከዋል። በስድስተኛው «ርዕሱን ከተውሽው አልቀየምም፤ ብቻ ንገሪኝ» ብለዋል። ሰባተኛው የእሳቸው አልነበረም። ልጃቸው ናት የጻፈችው፤ አባቷ አርፈዋል። «እስከ መጨረሻው ኢትዮጵያዊቷ ጻፈች ወይ እያለ ይጠይቀን ነበር» ትላለች።

ተማሪዎቼን ምን ብዬ እንዳሰናበትኳቸው አላስታውስም።

አባቴ ጉዳዩን ስነግራቸው «ልጅቱ እንኳ ትወቀው። ጻፊላት» አሉኝ። ጻፍኩላት፤ መንገዱንም፣ የኢንተርኔቱን መቋረጥም ሁሉ። በማግስቱ መለሰችልኝ፦ «አባቴ የሰለቸሽ መስሎት ነበር። ይህን አውቆ ቢሆን ኖሮ እፎይ ይል ነበር።» ባትመልስልኝ ይሻለኝ ነበር።

ዩኒቨርሲቲው ጊዜው ስላለፈ እንደ አዲስ ተመዝገቢ አለኝ። አልተመዘገብኩም። ካርታዎቹን አትሜ ቤቴ አስቀምጫቸዋለሁ። ደለሉ የሞላበት ቦታ ላይ አማካሪዬ በእጃቸው ቀይ መስመር አስምረውበታል፤ አንዳንድ ቀን አወጣቸውና ያን መስመር አያለሁ፤ ለመጻፍ ግን እጄ አይታዘዝልኝም።