የሸንኮራ ማሳው ሳቂታ ሴት

ሄርሚላ በሜክሲኮ፣ በቬራክሩስ ቆላ ሸንኮራ አገዳ ስትቆርጥ ያደገች ሴት ናት። በአገሯ ትራክተር ማሳ በገለበጠ ቁጥር የጥንት ሰዎች የሠሯቸው ትንንሽ የሸክላ ምስሎች ይወጣሉ፤ ገበሬው ግን ገደ ቢስ ናቸው እያለ ይሰባብራቸው ነበር። እሷ ቅርጫቷን አንጠልጥላ ከትራክተሩ ኋላ ትከተላለች።

«አበልጄ፣ የወለድሻቸው አምስቱ አልበቁሽም?» ይላታል ነጂው ፋውስቶ።

«እነዚህ እንኳ እራት አይጠይቁኝም። ይልቅ ቀስ ብለህ ንዳ።»

እንዲህ እያለች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለቀመች። ከእያንዳንዱ ምስል ሥር የተገኘበትን ማሳ ስም ጽፋ ታስቀምጣለች።

አንድ ቀን ከከተማ የመጣ ነጋዴ ቤቷ ገብቶ የአንዲት ሳቂታ ሴት ምስል አንስቶ ዋጋ ጠራ። በዚያ ገንዘብ የሚያፈሰውን ጣሪያዋን ማስከደን ትችል ነበር። ራሷን በእምቢታ ስትነቀንቅ ጊዜ፣ «ስንት ልጨምርልሽ?» አላት።

«ቦታዋ መልሳት። እዚህ ተገኝታለች፣ እዚሁ ትኖራለች።»

ሰውየው ወደ ፋውስቶ ሄዶ፣ ከማሳው የሚወጣውን ሁሉ ለእሱ እንዲሸጥለት አግባባው። ሄርሚላ ይህን ሰምታ በማግስቱ ስትገሰግስ ብትደርስ ትራክተሩ ቆሟል፤ ፋውስቶ ተንበርክኮ አፈሩን በጣቱ ይጭራል።

«ለነጋዴው ነው?» አለችው ኮስተር ብላ።

«ቅርጫትሽን አቀብይኝ እባክሽ። የዚህች ምስል አንገት ቀጭን ነው፣ እንዳይሰበር ፈርቼ ነው።»

በዚያው ዓመት ከትምህርት ቤቱ ጎን ለምስሎቹ አንድ ክፍል ተሠራ። ግድግዳውን ያቆመው ፋውስቶ ነው። ቁልፉን የያዘችው ሄርሚላ ናት፤ ዛሬም ጠዋት ጠዋት እየሄደች ትከፍተዋለች።