ተፎካካሪ የሌለው የአጎቴ ሱቅ

አፉ በሉኝ ወገኖቼ። ዛሬ ከአጎቴ ሱቅ የደንበኛ ስልክ ደብቄ አውጥቼ ለተፎካካሪዎቻቸው አስረክቤአለሁ።

አጎቴ ጋሽ ይማም ስልክ ይጠግናሉ። ድሮ ከሦስት ጠጋኞች ጎን ነበሩ። "ደንበኛዬን ይሻሙኛል" ብለው ብቻቸውን ዳገቱ ላይ ወጡ።

እውነትም እዚያ የሚሻማቸው የለም። ደንበኛም የለም እንጂ።

ዛሬ ግን እትዬ ሙሚና ከማሻ መጡ። ጂዳ ያለው ልጃቸው የሚያገኛቸው በዚያ ስልክ ብቻ ነው፤ የመመለሻ መኪናቸው ደግሞ ሊነሳ ነው። አጎቴ ስልኩን አገላብጠው አገላብጠው "የዚህስ አጀሉ ደርሷል፤ አይድንም" አሉ።

እሳቸው ለሶላት ሲወጡ ስልኩንም እትዬ ሙሚናንም ይዤ ቁልቁል ወረድኩ። አንዱ ጠጋኝ ብልሽቱን አወቀው። መለዋወጫው ጎኑ ካለው ሱቅ ተገኘ። ማሞቂያውን ሦስተኛው አዋሰን። ስልኩ በራና ብዙም ሳይቆይ ጮኸ፤ ልጃቸው ከጂዳ ነው። እትዬ ሙሚና እያለቀሱ ዱዓ አደረጉልን።

ሦስታችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ጎን ለጎን ባትሆኑ ኖሮ እትዬ ሙሚና የልጃቸውን ድምፅ ሳይሰሙ ይመለሱ ነበር።

እናንተስ፣ ተፎካካሪ ደርሶላችሁ ያውቃል? እስኪ ጻፉልኝ። እኔ እዚሁ ታች፣ የጠጋኞቹ ሱቅ በር ላይ ተቀምጬ አነባለ—

አጎቴ መጡ። ፎጣቸው ስር ሌላ የተበላሸ ስልክ ደብቀዋል።

"ዘሃራ፣ አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"