ከጩኸት የጾመው መብረቁ

«መብረቁ» የሚለውን ስም ያወጡለት መኪና መንዳት የሚያስተምራቸው ሰዎች ናቸው። ከጎናቸው ተቀምጦ «ፍሬን ያዝ» ብሎ ሲጮህ፣ ከማዶ የሚመጣው ሹፌር ጭምር ሳያስበው ፍሬን ይረግጣል ይባልለታል። ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ከጠዋት እስከ ማታ ሌላ ሰው ማርሽ ሲያፋጭ እየሰማ የሚውል ሰው ቤቱ የሚገባው አንጀቱ አሮ ነው፤ የተረፈችውን ቁጣ ሚስቱና ሴት ልጁ ይካፈሏታል።

የጾሙ መግቢያ በሆነው በአመድ ረቡዕ ሚስቱ እየጎተተች ቤተ ክርስቲያን ወሰደችው። እሱ ለገናና ለፋሲካ ብቅ ብሎ በሩ አጠገብ የሚቆም ዓይነት ካቶሊክ ነበር፤ ከሠርጉ ወዲህ ተናዞ አያውቅም። ግንባሩን አመድ ተቀብቶ ሲመለስ ዘንድሮ ከምን እንደሚጾም ጠየቀችው። አያጨስ፣ አይጠጣ። ከጣፋጭ ሊል አፉን ሲከፍት ቀደመችው።

«ከጩኸት ጹም» አለችው። «ጣፋጩን ብላ፣ እኛን ግን አትብላን።»

ነገሩ ቀላል መሰለውና እሺ አለ። በማግስቱ ሲስተር መጡ።

ሲስተር የደናግሉ ቤት አለቃ ናቸው፤ እሱንም በልጅነቱ ትምህርተ ክርስቶስ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ሹፌራቸው ጡረታ ሲወጣ፣ የታመመ ለመጠየቅ የሰው ፊት አላይም ብለው በዚያ ዕድሜያቸው መንጃ ፈቃድ ሊያወጡ ቆርጠው ተነሡ። መኪናው ውስጥ እንደገቡ፣ ቀበቶ እንኳ ሳያስሩ፣ ጸሎተ ሃይማኖትን ዛሬም መሐል ላይ ይረሳው እንደሆነ ጠየቁት።

እንዲህ ያለ ተማሪ ገጥሞት አያውቅም። ፍሪሲዮን ቀስ ብለው ይልቀቁ ሲላቸው ድንገት ይለቁታል፤ መኪናዋ እንደ ፍየል ትዘላለች። ስፖኪዮ ይመልከቱ ሲላቸው አይተው ሻሻቸውን ያስተካክላሉ። ፍሬቻ ሲላቸው ዝናብ መጥረጊያው ይነሣል። ሰፈሩ ሁሉ ስለሚያውቃቸው መሪውን ለቀው ለእግረኛው እጃቸውን ያወዛውዛሉ። እሱ ጥርሱን ነክሶ «እባክዎ ሲስተር፣ ቀስ ብለው» ይላል።

ከሁሉ የባሰው ቀይ መብራት ነበር። መብራት ሲይዛቸው ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደ ቆረበ ይጠይቁታል። አረንጓዴው ቢበራም መልሱን ሳይሰሙ ንቅንቅ አይሉም። ከኋላ ክላክሱ ይቀልጣል፤ እሱ እዚያው ላይ ስለ ነፍሱ ይመረመራል። ሲስተር በዚያ ጾም እሱን እንጂ መኪናውን የሚማሩ አይመስሉም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት ዳገት ላይ ሞተሩ ጠፋባቸው። መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች፤ ከኋላቸው አንዲት ሴት የሕፃን ጋሪ እየገፋች መንገዱን ታቋርጣለች። ሲስተር እጃቸውን ከመሪው አንሥተው አማተቡ። እሱ በራሱ በኩል ያለውን የአስተማሪ ፍሬን እስከ ወለሉ ረገጠውና መኪናዋ ጋሪው አጠገብ ቀጥ አለች።

«ሰው ልትገድዪ ነው?» ብሎ ጮኸ። «አሮጊት! እግርሽን መጠቀም ካቃተሽ ቤትሽ አትቀመጪም?»

ከጩኸቱ ይልቅ «አንቺ» ማለቱ ራሱን አስደነገጠው። ቦታ ተቀያየሩና እሱ እየነዳ አደረሳቸው። ሲወርዱ ነገ በሰዓቱ እንዲመጣ ብቻ ነገሩት። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። አለመቆጣታቸው ይበልጥ አበገነውና በማግስቱ ከትምህርቱ በፊት ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ለመናዘዝ ወረፋ ያዘ፤ ቶሎ ተናግሮ ሊገላገል።

ተንበርክኮ በ«አንቺ» ጀመረና ወዲያው ወደ ፍሪሲዮኑ አለፈ፤ ከፍሪሲዮኑ ወደ ሻሹ፣ ከሻሹ ወደ ቀይ መብራቱ። ኑዛዜ የሚሰሙት አባ በመናዘዣው ወንፊት ማዶ ረጅም ጊዜ አዳመጡት።

«ልጄ፣ እስካሁን የሰማሁት የሲስተርን ኃጢአት ነው» አሉት። «ያንተን መቼ ነው የምትነግረኝ?»

ተናደደ። ተነሥቶ ሊሄድ ቃጣው። ጉልበቱን ካሳመመው እንጨት ላይ ሳይነሣ ሊናገረው ያላሰበው ነገር አፉ ላይ መጣ። ልጁ አንድ ጊዜ የሒሳብ ጥያቄ አምጥታ አስረዳኝ ብላው ነበር። ደጋግሞ ነግሯት ሳይገባት ሲቀር ጮኸባት። ከዚያ ወዲህ በሩ ላይ የቁልፉን ድምፅ ስትሰማ ደብተሯን ሰብስባ ክፍሏ ትገባለች። ለሚስቱ ልጅቷ ጎበዝ ሆናለች፣ ራሷን ችላለች ይል ነበር። «እንደምትፈራኝ ግን አውቅ ነበር፣ አባ» አለ።

አባ ከኃጢአቱ ፈቱት። ቀኖናውንም ሰጡት፤ ከመዝሙረ ዳዊት አንዱን ማንበብ፣ ሲስተርን ደግሞ እስከ ፈተናው ድረስ ማስተማር።

«ሌላ ቀኖና አይኖርም፣ አባ?»

«የለም» አሉ አባ።

ያን ዕለት ሲስተርን ይቅርታ ጠየቃቸው። ድሮ ይቅር እንዳሉት፣ አሁን ግን መኪናዋን ሊያስነሡ ስለሆነ አፉን እንዲዘጋ ነገሩት። እሱም ቅዱስ አልሆነም። አንዳንድ ቀን ምላሱን ይነክሳል፤ አንዳንድ ቀን ያመልጠዋል፤ ያመለጠው ቀን ማታ ለጸሎት ሲንበረከክ ነገሩን ራሱ ያነሣዋል። ከዚህ በፊት ግን ከእግዚአብሔር ጋር የሚያነሣው ጉዳይ አልነበረውም።

ሲስተር ፈተናውን ወደቁ፤ ወደ ኋላ ሲያቆሙ ምልክቱን ገጭተው ጣሉት። ወዲያው ለሚቀጥለው ዙር ተመዘገቡ፤ አስተማሪ ይቀየርልዎ ቢባሉም የለመዱትን እንደማይለቁ ተናገሩ። እሱ ጣራ ጣራውን አየ።

በፋሲካ ቆረበ። ከሰዓት በኋላ የልጁን በር አንኳኩቶ ምን እየሠራች እንደሆነ ጠየቀ። ቀና ብላ አየችውና ደብተሯን ሳትዘጋ አልጋው ላይ ትንሽ ፈቀቅ አለችለት። ሒሳቡ እሱ ከተማረው የራቀ ነበር፤ ብታስረዳውም አልገባው አለ። ብሽቅ አለ፤ ደሙም ፈላ። ግን አልተነሣም፤ ከመጀመሪያው ጀምራ እንድትነግረው ጠየቃት።