የሽፈራው ቀኝ እጅ

ሽፈራው በነርስነት ተመድቦ ጭሮ ሲገባ ሁለት ዓመት ሠርቼ እዛወራለሁ ብሎ ነበር፤ ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። ያስቀሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የጃዕፈር ፑል ቤትና ሌሎች ነርሶች ያጡትን የሕፃን ደም ሥር በአንድ ሙከራ የሚያገኘው ቀኝ እጁ።

ባለፈው ክረምት ፑሉ እምቢ አለው። የመታው ኳስ ሁሉ ከቀዳዳው ጎን ይሸሻል። ጃዕፈር እጁን አይቶ ሳቀበት።

«ሐራራ ነው ዶክተር! ወላሂ፣ ትንሽ ቃም ብታደርግ ይለቅሃል።»

ሽፈራው በዕድሜው ጫት ቀምሶ አያውቅም። ጭሮ ግን እጅ ሲንቀጠቀጥ ሌላ ምክንያት አይታያትም።

«አመታቴ ተበላሽቶ ነው» አለና መለማመጃ መሥራት ጀመረ። ባዶ ሃይላንድ ጃዕፈር ቤት የፑል ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ የመምቻውን፣ የስቴካውን ጫፍ የሃይላንዱን አፍ ሳያስነካ ያስገባል፣ ያወጣል። አናጢ ዘንድ ሄዶ ስቴካው ብቻ የሚያልፍበት ቦይ ያለው ጣውላ አሠራ። ክንዱ እንዳይወዛወዝ በፋሻ ጠፍሮ አሰረው። ላየው ሰው ዕብደት ይመስል ነበር፤ ፍርሃት ነው እንጂ ዕብደትስ አልነበረም።

ሁለት ወር ሙሉ፣ ጠዋት ሥራ ከመግባቱ በፊት ተለማመደ። ስቴካው የሃይላንዱን አፍ መንካቱን አልተወም፤ ጣውላው ውስጥም ግራና ቀኝ ይንኳኳል። አንድ ቀን ስቴካውን አስቀምጦ ባዶ እጁን ዘረጋ። ጣቶቹ ዝም ብለው ይንቀጠቀጣሉ። ነርስ ነውና የታመመው እጁ እንጂ አመታቱ አለመሆኑን ማንም እንዲነግረው አላስፈለገም። እዚያው የጃዕፈር አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

በሳምንቱ ሳሊሃ የታመመች ሕፃኗን አዝላ ከቦኬ እሱ ወደሚሠራበት ሆስፒታል መጣች። የሕፃኗን ሁለት ታላላቆች በዚያ እጅ ያተረፈላት ሴት ናት፤ አቅራቢያዋ ያለውን ጤና ጣቢያ አልፋ የመጣችውም ለእሱ ብላ ነው። ወጣቷ ነርስ ትዕምርት መርፌውን ስታነሳ ሳሊሃ ልጇን ወደ ደረቷ ሸሸገች።

«እሷ አይደለም ዶክተር፣ አንተ ውጋልኝ።»

«እሷ ትሻላለች፣ ሳሊሃ።»

«ለሁለቱ አንተ አይደለህም እንዴ? ይቺ ምን አደረገችህ?»

ሽፈራው ቀኝ እጁን ጋውኑ ኪስ ውስጥ እንደከተተ ትዕምርት እንድትቀጥል በግራው ጠቆማት። ትዕምርት ደም ሥሩን ያገኘችው በአራተኛው ነው። ሕፃኗ ስትጮህ እናትየዋም አብራ አለቀሰች።

ስትወጣ በአጠገቡ አለፈች፤ ሰላምም አላለችው። በር ላይ ስትደርስ ለትዕምርት «ድሮ እኮ ሰው ነበር» አለቻት። ሽፈራው ሰምቷታል።